ከፓስፊክ እስከ መንዝ፦ የሰር ጊልበርት ዎከር ሕይወት

ኤልኒኖ የሚለው ቃል ድርቅ በመጣ ቁጥር ከሬዲዮና ከጋዜጣ አይጠፋም። ከቃሉ ጀርባ ያለውን ሰው የሚያስታውሱት ግን ጥቂቶች ናቸው። ሰር ጊልበርት ዎከር ይባላል። እኔ ታሪኩን የማነሳው መንዝን፣ ግሼንና መርሐ ቤቴን እያሰብኩ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዎከር በ1868 በእንግሊዝ አገር፣ ሮችዴል በተባለች ከተማ ተወለደ። በ1889 በካምብሪጅ የሒሳብ ፈተና አንደኛ ወጣ። ቡመራንግ መወርወርና የበረራውን ሕግ በቀመር ማጥናት ይወድ ነበር። የአየር ጠባይ ትምህርት ሳይኖረው በ1904 የሕንድ ሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነ።

ኃላፊነቱ ከባድ ነበር። በ1899 የሕንድ ክረምት ቀርቶ እጅግ ብዙ ሰው በረሃብ አልቋል። ከዎከር የሚጠበቀው ዝናቡ የሚቀርበትን ዓመት አስቀድሞ እንዲናገር ነው። እሱም መልሱን ከሕንድ ሰማይ ብቻ አልፈለገም። ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን ሕንዳውያን ጸሐፊዎችን አሰባስቦ ከዓለም ዙሪያ የመጣ የአየር ግፊት፣ የሙቀትና የዝናብ መዝገብ በእጅ አሰላ። ከመዝገቦቹ አንዱ የናይል ሙላት ነበር። የናይል ሙላት በአብዛኛው የእኛ ክረምት ነው፤ የመንዝና የመርሐ ቤቴ ውኃም በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል። የእነዚህ ደጋዎች ዝናብ ስሙ ሳይጠራ ከዎከር ሠንጠረዥ ገብቷል ማለት ነው።

ያገኘው ነገር ትልቅ ነው። የአየር ግፊት በፓስፊክ ላይ ሲጨምር በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ይቀንሳል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ይህን የደቡብ ውዝዋዜ ብሎ ሰየመው። ሆኖም ምክንያቱን ማስረዳት ስላልቻለ ብዙዎች ተጠራጠሩት። ድርቅን በአስተማማኝ ሁኔታ መተንበይ ሳይችል በ1924 ከሕንድ ተመልሶ በለንደን ማስተማር ያዘ። በ1958 አረፈ።

የጎደለውን የሞላው ያኮብ ብየርክነስ ነው። በ1969 ውዝዋዜው ከፓስፊክ ውኃ መሞቅና መቀዝቀዝ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረዳ፤ የአየሩንም ዑደት በዎከር ስም ጠራው።

ውኃው ሲሞቅ የሚጎዳው ዝናብ ብቻ አይደለም። በፔሩ ጠረፍ ምግብ ይዞ ከጥልቁ የሚወጣው ቀዝቃዛ ውኃ ይቀንሳል፤ አንቾቪ የተባለው ዓሣም ይመናመናል። በ1972፣ ከመጠን ያለፈ ማስገር ታክሎበት፣ የፔሩ ዓሣ ሀብት ወደቀ። በዚያው ዓመት የወሎ ክረምት ተበላሸ። ዛሬ ፔሩ ባሕሩንና ዓሣውን ሳትለካ ማስገር አትፈቅድም። በ2023 ኤልኒኖ ሲመጣ የመጀመሪያውን የአንቾቪ ወቅት ሰርዛለች።

የመንዝ ገበሬም የሚወስነው ነገር አለው። ደጋው ውርጭና የክረምት ውኃ ስለሚያስቸግረው ብዙው ተስፋ የበልግ ገብስ ነው። ኤልኒኖ ብዙ ጊዜ ክረምትን ሲያሳንስ፣ ላኒና በልግን ይጎዳል። ዘሩን ሁሉ ልዝራ ወይስ ላስቀር? በጎቼን ዋጋ ሳይወድቅ ልሽጥ? የሜትዎሮሎጂ ትንበያ የሚናገረው ዕድልን ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች እያለ። ዎከርም ዕድሜውን የጨረሰው በዚሁ የዕድል ስሌት ላይ ነው። በእኔ እምነት ትንበያ ዋጋ የሚኖረው ዘሩ ከጎተራ ሳይወጣ፣ በጉም ገበያ ሳይነዳ፣ ከነጥርጣሬው ገበሬው ጆሮ ሲደርስ ነው።