መልካም አየሁ፦ የጎንደሯ የባለዛሮች አለቃ

በ1924 ዓ.ም ክረምት በጎንደር ከተማ ሕመሙ ያልታወቀለት፣ እንቅልፍ ያጣ፣ መድኃኒት አልሆነው ያለ ሰው የወይዘሮ መልካም አየሁን ደጅ ይጠና ነበር። እኒህ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት የባለዛሮች አለቃ ነበሩ። ቤታቸውም የሐኪም ቤት፣ የዘፈን ቤትና የእርቅ አደባባይ ነበር።

የፈውሱ ሥርዓት ከቡና አይለይም። ዕጣን ይጤሳል፤ ጭብጨባውና ዘፈኑ ይከተላል። ዘፈኑ ለጨዋታ ያህል የሚባል አይደለም፤ ዛሩ የሚጠራው በእርሱ ነው። እያንዳንዱ ዛር የራሱ ፉከራና ጉሪ የሚባል የራሱ የሰውነት እንቅስቃሴ ስላለው፣ ታማሚው ሲንቀጠቀጥና ሲፎክር የያዘው መንፈስ ማን እንደሆነ ይለያል። ስሙ ከታወቀ በኋላ ድርድር ይጀመራል። መንፈሱ እንዲለቅ ከመገደድ ይልቅ እንዲታረቅ ይለመናል፤ የሚሻው ደም ይፈስለታል፤ ታማሚውም የዛሩ ፈረስ ተብሎ ከእርሱ ጋር መኖርን ይማራል። ቤተ ክርስቲያን ነገሩን ማውገዟ አያስደንቅም፤ ካህኑ በጠበል ሊያስወጣው የሚደክምለትን መንፈስ ባለዛሯ ቤት ሰጥታ ታኖረዋለችና።

የወይዘሮዋ ትልቁ ሀብት አንደበታቸው ነበር። አንድ ጊዜ ካህን መሳዩን አባ ዮሴፍን ሆነው ይባርካሉ፤ ጥቂት ቆይተው የእመቤት ራሄሎ አገልጋይ የሆነችውን ሻንቂትን ሆነው ይቀልዳሉ። ድምፃቸውም፣ አቀማመጣቸውም፣ ከእንግዳው ጋር ያላቸው ዝምድናም አብሮ ይለወጥ ነበር።

እንዲህ ያለው ፈውስ በጎንደር ብቻ የታጠረ አይደለም። ዛር በሱዳንና በግብፅ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም በዐረብ ምድር ይታወቃል። በሕንድ ውቅያኖሷ የዛንዚባር ደሴት ደግሞ በዘፈንና በከበሮ ከሚጠሩት መናፍስት አንዱ ወገን የሐበሻ መናፍስት ይባላል።

በማርሴል ግሪዮል የሚመራው፣ ከዳካር ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚያቋርጠው የፈረንሳይ የጥናት ጓድ ጎንደር የገባው በዚያው ክረምት ነው። የጓዱ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ የወይዘሮዋን ቤት አንዴ ካወቀ በኋላ ከዚያ አልጠፋም። አማርኛ እምብዛም ስለማያውቅ ጆሮው ኤርትራዊው ምሁር አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ። ታማሚዎች ሲፎክሩ፣ ወይዘሮዋ ሲቀልዱ፣ ልጃቸው እማዋይሽ ስታዜም ቃሉን በፊደል የሚይዙት እሳቸው ናቸው። የአባ ጀሮም ድካም ባይኖር ኖሮ የወይዘሮዋ ንግግር ከቤቱ ጢስ ጋር በንኖ ይቀር ነበር ማለት ይቻላል።

በ1925 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ በጓዱ ገንዘብ እንስሳት እየተገዙ ለዛሮቹ ታረዱ። ሌሪስም ደሙን ቀመሰ፤ ሞራውም በራሱ ላይ ተደረገለት። እያደር ግን ወይዘሮዋ ስጦታና ገንዘብ መሻታቸው አስመርሮት በዕለት ማስታወሻው ላይ ደጋግሞ ያማርራል። በዚህ ላይ የፈረደባቸው ይመስለኛል። ወይዘሮዋ የሚያድሩት በዚሁ ሙያቸው ነው፤ እርሱም የመጣው ያላቸውን ዕውቀት ቀድቶ ሊሄድ ነበር። ያው ጓድ የጎንደሩን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ፓሪስ አድርሷል።

የሌሪስ የጉዞ ማስታወሻ እ.ኤ.አ በ1934 ታተመ። በጎንደር ዛር ላይ ብቻ ያተኮረው መጽሐፉ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ በ1958፣ ከዚያ ክረምት ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በዛር የተያዘ ሰው እያስመሰለ ነው ወይስ በእውነት ራሱን ስቷል የሚለው ጥያቄ እስከዚያ ድረስ አልለቀቀውም ነበር። ነገሩ ሰው ራሱ የሚኖረው ቴአትር ነው ወደሚል ሐሳብ አዘነበለ። ለዚህ ሐሳቡ ዋና ምስክር አድርጎ የሚያቀርባቸውም፣ ካህኑንም አገልጋዪቱንም በአንድ ቀን የሚሆኑትን መልካም አየሁን ነው።