ከጎንደር የተገኘው ግብ አግቢ፦ መንግሥቱ ወርቁ

ስለ ኢትዮጵያ እግር ኳስ ሲነሣ በዕድሜ የገፉ አባቶቻችን ቀድመው ከሚጠሯቸው ስሞች አንዱ መንግሥቱ ወርቁ ነው። ብዙዎቹ ወጣቶቻችን ግን ስሙን ሰምተው ይሆናል እንጂ ሥራውን እምብዛም አያውቁትም። ስለዚህ የዚህን ሰው የሕይወት ጉዞ በአጭሩ ልናስታውሳችሁ ወደድን።

መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1940 በጎንደር ተወለደ። አገራችን በጣሊያን ወረራ ሥር የነበረችበት ዘመን ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው የጣሊያን ጦር እ.ኤ.አ. በ1941 መጨረሻ ላይ እጁን የሰጠው እዚያው ጎንደር ላይ ሲሆን፣ መንግሥቱ በዚያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበር። በጦርነት መካከል የተወለደው ይህ ልጅ አድጎ ስሙ የገነነው በአዲስ አበባ፣ በ1928 ዓ.ም. በተመሠረተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ነው። ከዚያም የብሔራዊ ቡድኑን ማልያ ለበሰ።

በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተካሄደ። የተካፈሉት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳና ግብፅ። ግብፅ የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ኃያል ቡድን ነበረች። ኢትዮጵያ በአቶ ይድነቃቸው ተሰማ አሰልጣኝነት ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች።

የፍጻሜው ጨዋታ የተደረገው ጥር 13 ቀን (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 1962) ነው። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ። የመጀመሪያውን ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ሁለተኛውን ደግሞ መደበኛው ጊዜ ሊያልቅ 6 ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛዋን ግብ አስቆጠረ። ይሁን እንጂ የአንድ ግብ ብልጫ አያስተማምንም ነበርና ሕዝቡ ልቡ ተንጠልጥሎ ቀረ። በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ አራተኛዋን አገባና ነገሩ አበቃ። ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን አነሣች። እስከ ዛሬም ያገኘችው የአፍሪካ ዋንጫ ያ ብቻ ነው።

በዚያ ውድድር መንግሥቱ 3 ግቦችን አስቆጥሮ ከግብፁ በደዊ ጋር እኩል ቀዳሚ ግብ አግቢ ሆነ። ከዚያም በኋላ በተደረጉት ውድድሮች ያገባቸው ተደምረው በአፍሪካ ዋንጫ 10 ግቦች አሉት። ከኢትዮጵያውያን ይህን ቁጥር ያለፈ የለም።

የመንግሥቱ አገልግሎት ጫማውን በሰቀለ ጊዜ አላበቃም። ያወቀውን ለተተኪዎች ለማስተላለፍ አሰልጣኝ ሆነ። በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ በሊቢያ ወደተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ሄደ። ውጤቱ የሚያስደስት አልነበረም፤ ቡድኑ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ሆኖም ከአልጄሪያ ጋር ያለ ግብ ተለያየ። ያቺ አልጄሪያ ከሦስት ወር በኋላ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋ ዓለምን ያስገረመች መሆኗን ስናስብ፣ ያ አቻ ውጤት ቀላል እንዳልነበረ እንረዳለን።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ረጅም ዝምታ ነው። ኢትዮጵያ ለ31 ዓመታት ወደ አፍሪካ ዋንጫ መመለስ አልቻለችም። በፍጻሜው የመጨረሻዋን ግብ ያገባው ሰው፣ ከዝምታው በፊት ቡድኑን ለውድድሩ ያበቃ የመጨረሻው አሰልጣኝም ሆነ። መንግሥቱ መመለሱን ሳያይ ታኅሣሥ 7 ቀን 2003 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ቡድኑ ለደቡብ አፍሪካው ውድድር ያለፈው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ነበር። በዚያም በመጀመሪያው ጨዋታ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ። ግቧን ያስቆጠረው አዳነ ግርማ እንደ መንግሥቱ ሁሉ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበር።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ መንግሥቱን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በዚያች በ117ኛው ደቂቃ ግብ ነው። እኛ ግን ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታትም እንድታስቡ እንወዳለን። ጭብጨባው ካለፈ በኋላ ሌሎችን ሊያሰለጥን ተመለሰ፤ ፍሬውን ግን በዓይኑ አላየም። ስጦታ ያለን ሁሉ ይህን ልንጠይቅ ይገባል፤ እኛ ባናጭደው እንኳ ዛሬ የምንዘራው ለማን ነው?