መሬት እያላቸው ባንክ ያላበደራቸው ሰዎች እና ሰር አፒራና ንጋታ

የኒውዚላንድ 50 ዶላር ኖት ላይ ምስላቸው ያለው ሰው ሰር አፒራና ንጋታ ይባላሉ። ማኦሪ ናቸው፤ ማለትም እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊት አገሩ የእነሱ ከነበረው ሕዝብ የተወለዱ።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1874 በሰሜን ደሴት ምሥራቅ ዳርቻ ነው። ጊዜው ለማኦሪ ክፉ ነበር። መሬቱ ግማሹ ተሸጦ፣ ግማሹ ተወርሶ እያለቀ ነው። በ1896 ቆጠራ የማኦሪ ቁጥር ወደ 42 ሺህ ገደማ ወርዶ ስለነበር ብዙ ነጮች ይህ ሕዝብ መጥፋቱ አይቀርም ይሉ ነበር። ንጋታ ግን ተማሩ። በ1893 በኒውዚላንድ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የጨረሱ የመጀመሪያው ማኦሪ ሆኑ፤ ቀጥለው ሕግ አጠኑ። ከተማ ቀርተው ጥብቅና መሥራት ይችሉ ነበር፤ ወደ ቀያቸው ተመለሱ።

እዚያ ያገኙት ችግር ለኢኮኖሚክስ ተማሪ የፈተና ጥያቄ ይመስላል። የመንግሥት የመሬት ፍርድ ቤት የጎሳውን የወል መሬት በግለሰቦች ስም አስመዝግቦታል። አባት ሲሞት ድርሻው ለልጆቹ ሁሉ ይከፋፈላል፣ ከዚያ ለልጅ ልጆች። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አንዷ ቁራሽ መሬት ብዙ ባለቤት አላት። ታዲያ ብድር ሲመጣ ማን ይፈርማል? ባንኩም እንዲህ ያለ መሬት በማስያዣነት አይቀበልም። ነጭ ገበሬዎች ግን ከ1894 ጀምሮ መንግሥት ራሱ በአነስተኛ ወለድ ያበድራቸው ነበር።

ንጋታ መጀመሪያ በእጃቸው ባለው ሠሩ። ባለድርሻዎቹ መሬታቸውን አንድ ላይ አድርገው፣ ኮሚቴ መርጠው እንደ ድርጅት እንዲያስተዳድሩት አደረጉ። የተበታተነ ቁራሽ ያለው ሰው ከሌላው ጋር እየተለዋወጠ አንድ ቦታ እንዲሰበስብም ገፉ። በ1912 የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ተቋቋመ፤ በ1920ዎቹ ደግሞ ሩአቶሪያ ላይ የራሳቸው ቅቤ ፋብሪካ ተከፈተ። ጥሩ ጅምር ነው፤ ካፒታሉ ግን አሁንም አነሰ።

ከ1905 ጀምሮ የፓርላማ አባል የነበሩት ንጋታ በ1928 የማኦሪ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት በወጣው ሕግ መንግሥት የባለቤትነቱ ጉዳይ እስኪጠራ ሳይጠብቅ የማኦሪን መሬት ለማልማት ገንዘብ ማውጣት ቻለ። አጥር፣ የሣር ዘር፣ ላሞች፣ መኖሪያ ቤት ሁሉ በብድር ቀረበ። ገበሬው ክሬሙን ለፋብሪካ ሲያስረክብ ከክፍያው ዕዳው ይቆረጣል። ዋጋም ነበረው። ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ መሬቱ ላይ የሚያዘው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ጣልቃ መግባት አይችልም።

ንጋታ ቸኩለው ነበር። ደንቡ ሥራ ያዘገያል ብለው ሲያስቡ አልፈውት ይሄዳሉ። በ1934 አጣሪ ኮሚሽን ሒሳቡን ሲመረምር አንድ የበታቻቸው ሠራተኛ ሰነድ ማጭበርበሩ ተገኘ። ለራሳቸው ጎሳ ያዳላሉ የሚል ክስም መጣ። እሳቸው በግሌ ያጠፋሁት ነገር የለም ቢሉም ለመሥሪያ ቤቱ ጥፋት ኃላፊነቱን ወስደው ከሚኒስትርነት ለቀቁ። የልማት ሥራው ግን ሳይቆም ቀጠለ። እሳቸውም እስከ 1943 ፓርላማ ቆዩ፤ በ1950 እዚያው በትውልድ አካባቢያቸው አረፉ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ይህን ነው። የንጋታ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ሕጉ ንብረታቸውን ለብድር የማይሆን አድርጎባቸው ነበር። መንግሥት ያንን መሰናክል ሲያነሳ ሠርተው አሳዩ። ግን ድጋፍ ሒሳቡ ካልተያዘ ለጠላት በር ይከፍታል፤ ተረጂውን ከገዛ መሬቱ ውሳኔ ካወጣ ደግሞ ግማሽ ድጋፍ ነው። ስለ ወጣቶች ብድር ስናወራም ስንት ብር ተመደበ ብቻ አንበል፤ ማን ይወስናል፣ ሒሳቡንስ ማን ያያል ብለን እንጠይቅ።