አርቱሮ ሜዜዲሚና የአፍሪካ አዳራሽ

ከእንጦጦ አፋፍ ወይም ከየካ ተራራ ትከሻ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው አዲስ አበባ ዛሬ የፎቅ ጫካ ናት። በ1950ዎቹ ማለቂያ ግን ከዚያው ስፍራ የሚታየው ሌላ ነበር። በባሕር ዛፍ መካከል ከተበታተነው የቆርቆሮ ክዳን በላይ ጎላ ብለው የሚወጡት ሕንፃዎች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ከእነዚያ መካከል ሁለቱ የአንድ ሰው ንድፍ ነበሩ። አንደኛው በፒያሳ ኮረብታ ላይ ያለው ማዘጋጃ ቤት፣ ሁለተኛው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት የተሠራው የአፍሪካ አዳራሽ ነው። የሁለቱም ነዳፊ አርቱሮ ሜዜዲሚ ናቸው።

በዚህች ከተማ የውጭ አገር ሰው ሕንፃ መሥራቱ እንግዳ ነገር አይደለም። የአገሬው ሰው ድንጋይ የመጥረብ ጥበብ ከከተማይቱ እጅግ የቀደመ መሆኑን በየካ ኮረብታ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ይመሰክራል። ይሁንና ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ሲከትሙ፣ ኋላም ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማው ወደ ፍል ውሃ ሲወርድ፣ የግንባታውን ሥራ ከአገሬው ግንበኛና አናጢ ጋር የተካፈሉ ሕንዶችና አርመኖች ነበሩ። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ደግሞ ከመሐንዲስነት አልፈው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ እስከ መሆን ደርሰዋል። ሜዜዲሚ የዚህ ረጅም ሰልፍ ተከታይ ናቸው። ከቀደሙት የሚለያቸው ግን አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ጣሊያናዊ ነበሩ። ኢትዮጵያ ነፃነቷን ካስመለሰች ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ የነፃይቱ አፍሪካ መሰብሰቢያ ቤት በወራሪዋ አገር ተወላጅ እንዲነደፍ መደረጉ እንዴት ያለ ነገር ነው? ይህ ጥያቄ በሙያችን ሰዎች መካከል ደጋግሞ የሚነሣ ስለ ሆነ የሰውዬውን ሕይወት ከመነሻው መከተል ይበጃል።

ሜዜዲሚ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1922 በቶስካና ውስጥ ከሲዬና በማትርቅ ፖጂቦንሲ በተባለች ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940፣ ገና ጎልማሳነታቸው ሳይጀምር፣ ወደ አሥመራ መጡ። አሥመራ ያን ጊዜ ጣሊያን የዘመኑን ኪነ ሕንፃ እንደ ልቧ የሞከረችባት ከተማ ነበረች። የጁዜፔ ፔታትሲ የፊያት ታሊዬሮ ነዳጅ ማደያ፣ ያለ አንዳች ደጋፊ ዓምድ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተዘረጉት የአርማታ ክንፎቹ ከተሠሩ ገና ሁለት ዓመታቸው ነበር። እንዲህ ባለች ከተማ መካከል ማደግ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። ነገር ግን ወጣቱ በደረሱ በዓመቱ የጣሊያን ኃይል በከረን ተሰብሮ እንግሊዞች ኤርትራን ያዙ። የግንባታው ድግስ አበቃ፤ ከኢጣሊያ በመርከብ ይመጣ የነበረው ዕቃም ቀረ። ሜዜዲሚ ሥራ የጀመሩት በዚህ የእጥረት ዘመን ስለ ነበር፣ ባለው ዕቃ በፍጥነትና በንጽሕና መሥራትን የተማሩት ያኔ ይመስለኛል። በሃያዎቹ ዕድሜያቸው መጀመሪያ ላይ የነደፉት የአሥመራ መዋኛ ይህን ጠባያቸውን አስቀድሞ ያሳያል።

በዚህ ስፍራ ለባልደረቦች መነገር ያለበት ነገር አለ። ሜዜዲሚ የተማሩት ጣሊያኖች ጂኦሜትራ የሚሉትን ሙያ ነው። ጂኦሜትራ ቀያሽም፣ ነዳፊም፣ የግንባታ ተቆጣጣሪም ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሠለጠነ አርክቴክት ግን አይደለም። ማዕርግ ለሚቆጥር ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ሆኖ ይታይ ይሆናል። የእኔ አሳብ ሌላ ነው። ከሥራ ቦታ የተነሣ ሰው አርማታ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ አናጢ ምን ሊሠራ እንደሚችልና ምን እንደማይችል ያውቃል። የአፍሪካ አዳራሽን የመሰለ ሥራ በዚያ ፍጥነት እንዲያልቅ ያስቻለው ከሁሉ በላይ ይህ ዕውቀት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም መቀመጫው አዲስ አበባ እንዲሆን ተወሰነ። ከተማይቱ ግን ለእንዲህ ያለ ጉባኤ የሚሆን ቤት አልነበራትም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሜዜዲሚን ሥራ ከኤርትራ ያውቁት ነበርና የአዳራሹን ንድፍ ለእርሳቸው ሰጡ። ነዳፊው ያን ጊዜ አርባ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ሥራው በ1951 ዓ.ም. ገደማ ተጀምሮ በ18 ወር ያህል ተጠናቀቀ። ዛሬ ክሬንና የተዘጋጀ ኮንክሪት በቀላሉ በሚገኝበት ጊዜ እንኳ ይህን ቀጠሮ ተቀብሎ የሚፈርም ተቋራጭ ማግኘት ያስቸግራል። ያን ጊዜ የከተማይቱ መወጣጫና የአርማታ ድጋፍ ከባሕር ዛፍ አጣና የሚታሠር ነበር፤ ሲሚንቶም ባሬላ በትከሻ ይመላለስ ነበር።

ሕንፃውን ውጤታማ ያደረገው ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ሜዜዲሚ የጉባኤውን አዳራሽ፣ የኮሚቴ ክፍሎቹን፣ ቢሮዎቹንና የእንግዳ መቀበያውን እንደ አንድ ነገር አሰቡት። ወንበሩንና ጠረጴዛውን ሳይቀር ራሳቸው ነደፉ። የውጭ ግድግዳውን ያለበሱት ጥቃቅን ንጣፎች ከሩቅ ሲታዩ እንደ ጥለት ይመስላሉ። ግዙፍነት በተፈለገበት ቦታ ግዙፍነትን በዓምድ ብዛት ሳይሆን በክፍት ቦታ ስፋት ሰጡት፤ ይህም የዘመኑ ትምህርት በትክክል የገባቸው መሆኑን ያሳያል። እንግዳ ሲገባ ደግሞ በቅድሚያ የሚቀበለው የነዳፊው ሥራ ሳይሆን የኢትዮጵያዊው ሠዓሊ የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት ነው። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በሦስት ክፍል ተከፍሎ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ የያኔውን ትግልና የወደፊት ተስፋ ይናገራል። ሠዓሊው ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበሩ። ነዳፊ የራሱን ሥራ ዋና ገጽታ ለሌላ ሰው እጅ መልቀቁ ቀላል ነገር አይደለም፤ በተለይም ያ ሰው የሚናገረው ስለ ቅኝ ግዛት መከራ ሲሆንና ነዳፊው ራሱ ከቅኝ ገዢዋ አገር የመጣ ሲሆን። ከላይ ላነሣሁት ጥያቄ እኔ የማገኘው መልስ በዚህ መስታወት ላይ ነው። ሜዜዲሚ ለአፍሪካ ስለ አፍሪካ ለመናገር አልሞከሩም፤ ንግግሩ የሚሰማበትን ቤት ሠሩ።

አዳራሹ ሊመረቅ ሲቃረብ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ በከተማይቱ ተኩስ ተከፈተ፤ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም ደም ፈሰሰ። ሁኔታው በረድ እንዳለ፣ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ በዚያው ዓመት አዳራሹ ተመርቆ የኮሚሽኑ ስብሰባ ተካሄደበት። ከሁለት ዓመት በኋላም ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የ32 አፍሪካውያን መንግሥታት ተወካዮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር በዚያው ቤት ፈረሙ። አንድ ሕንፃ በተሠራ በሁለት ዓመቱ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲያስተናግድ ብዙ ጊዜ አይታይም።

የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ የተከተለው ወዲያው ነው፤ በ1950ዎቹ አጋማሽም ተጠናቀቀ። አቀማመጡ የሚደነቅ ነው። ጀርባውን ለእንጦጦ ሰጥቶ በቸርችል ጎዳና አናት ላይ ሲቆም፣ ጎዳናው ከእግሩ ሥር ተነሥቶ እስከ ባቡር ጣቢያው ቁልቁል ይወርዳል። በውስጡ ከቢሮዎች ሌላ የቴአትር አዳራሽ ስላለው፣ ግብር ሊከፍል የሚመጣውና ቴአትር ሊያይ የሚመጣው ነዋሪ አንድ ቅጥር ይገባሉ። ሆኖም በእኔ ግምት ከአፍሪካ አዳራሽ ያንሳል። ግራና ቀኙ እጅግ የተመጣጠነ፣ ፊቱም የተኮሳተረ ስለ ሆነ ባለ ጉዳይን ከመጥራት ይልቅ ያስፈራል። ምናልባት ጥፋቱ የነዳፊው ሳይሆን የባለቤቱ ነው፤ ቢሮክራሲ የሚወደውን ፊት ሠርተውለታልና።

በዚያ ዘመን የራሱን ፊት በአዲስ ሕንፃ ለማሳየት የፈለገው የእኛ መንግሥት ብቻ አልነበረም። ሕንድ ነፃ በወጣች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቻንዲጋርን ከተማ እንዲሠሩላት ለ ኮርቡዚዬን ጠርታ ነበር። (እኒሁ ሰው እ.ኤ.አ. በ1936 የተያዘችውን አዲስ አበባን እንደ ባዶ ሜዳ ቆጥረው ንድፍ ለጣሊያን መንግሥት ልከው እንደ ነበር እኛ አንረሳም።) ሕንድ ግን ከውጭ ባለሙያዎቹ ጎን የራሷን ወጣት አርክቴክቶች በቻንዲጋር ቢሮ አሰለፈች፤ እንደ አዲትያ ፕራካሽና እንደ ዩሊ ቾድሪ ያሉት በዚያ ሠርተው ወጡ። በእኛ አገር የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተከፈተው በ1940ዎቹ ማለቂያ ስለ ሆነ፣ አዳራሹ ሲጀመር የአገር ልጅ ባለሙያ እጅግ ጥቂት ነበር። ሚካኤል ቴድሮስ ከእስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ጋር ሆነው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንፃ የነደፉት በእነዚያው ዓመታት ነው። ቅሬታ ካለን ቅሬታችን በሜዜዲሚ ላይ ሳይሆን፣ የትልልቁ ሥራ ቢሮ ለወጣቶቻችን የትምህርት ቤት ያህል እንዲሆን አስቀድሞ ባለመታሰቡ ላይ ሊሆን ይገባል። በ2004 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንፃ በቻይና ስጦታ ተሠርቶ ሲመረቅም ይኸው ጥያቄ ተመልሶ መጥቷል።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሜዜዲሚ ኢትዮጵያን ለቀው ሄዱ። ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል በአፍሪካ ቀንድ የኖሩ ሰው የቀረውን ዕድሜያቸውን ከሥራዎቻቸው ርቀው አሳለፉ፤ እ.ኤ.አ. በ2010ም በሮማ ዐረፉ። የአሥመራ የዘመናዊ ኪነ ሕንፃ ቅርስ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው ከሞታቸው ሰባት ዓመት በኋላ ነው።

የአፍሪካ አዳራሽም እንደ ማንኛውም ሕንፃ አርጅቶ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ለዓመታት የፈጀ እድሳት አድርጎለት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፈተ። እድሳቱን የመሩት አርክቴክቶች ከአውስትራሊያ መምጣታቸውን ስሰማ ፈገግ ማለቴ አልቀረም፤ የእንጦጦንና የየካን ተራሮች ያለበሰው፣ ለግንበኞቻችንም መወጣጫ የሆነው ባሕር ዛፍ የመጣው ከዚያው አገር ነውና። የግድግዳው ንጣፍ በቀድሞው መልኩ ተተካ፤ የአፈወርቅ መስታወት ተጠገነ። ሜዜዲሚ የነደፏቸው ወንበሮችና ጠረጴዛዎችም ከየተጣሉበት ተሰብስበው ተጠገኑና ወደ ነበሩበት ክፍል ተመለሱ።