የጥርስ ትልን ፈልጎ ያጣው ሐኪም

በደባርቅና በዳባት ደጋ፣ ከስሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙት መንደሮች፣ የጥርስ ሕመም ሌሊት ሲሆን ይበረታል። ውርጩ ሲወርድና ቤተሰቡ ሲተኛ ሕመምተኛው ጉንጩን በጋቢ ጠቅልሎ ከምድጃው ዳር ይቀመጣል። ጥርስን የሚቦረቡረው ትል ነው የሚለው የቆየ እምነት ባለበት ቤት፣ የአስተናግር ፍሬ በፍም ላይ ይነሰነስና ታማሚው ጢሱን በአፉ እንዲቀበል ይደረጋል። ተክሉ አትሮፒንና ስኮፖላሚን ስላለው ጥቂት ያደነዝዛል፤ መጠኑ ካለፈ ግን አፍ ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ ያስቀባጥራልም። ስያሜው ራሱ የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ይኸው እምነት በአውሮፓም ለብዙ ምእት ዓመታት ጸንቶ የኖረ ሲሆን፣ በዚያ ይታጠን የነበረው የአስተናግር ወገን የሆነ፣ ተመሳሳይ መርዝ ያለው የሌላ ተክል ዘር ነበረ። ከተቃጠለው ዘር የሚወጣው ነጭ ክር መሰል ነገር ከጥርስ የወደቀ ትል ነው እየተባለ ለሕመምተኛው ይታይ ነበር። ይህን እምነት በሙያው ውስጥ ካናወጡት ሰዎች መካከል ትልቁን ስፍራ የያዘው ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር ነው።

ፎሻር በምዕራብ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1678 ገደማ ተወለደ። በ15 ዓመቱ የንጉሡ ባሕር ኃይል ውስጥ ገብቶ አሌክሳንድር ፖትለሬ ከሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም ሥር ተማረ። በረጅም ጉዞ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ያላገኙ መርከበኞች ድዳቸው ሲደማና ጥርሳቸው ሲነቃነቅ ያየው በዚያ ነበር። ከባሕር ኃይል ከወጣ በኋላ በአንዤ ከተማ ሠርቶ ወደ ፓሪስ ተሻገረ።

በዚያን ዘመን ጥርስ መንቀል የጸጉር አስተካካይና የገበያ አታላይ ሥራ ነበረ። አታላዩ ከተባባሪው ጋር አስቀድሞ ተስማምቶ፣ በደም በተሞላ ስስ ሽፋን የተጠቀለለ ጥርስ በእጁ ይደብቅና ያለ ሕመም የነቀለ ያስመስላል። ፎሻር ይህን ተንኰል በጽሑፍ አጋለጠ። ሌሎች የእጃቸውን ጥበብ ከባልደረባ ሲደብቁ እርሱ የሚያውቀውን ሁሉ ገልጦ ጻፈ፤ ምናልባትም ከሥራዎቹ ሁሉ ድፍረት የጠየቀው ይህ ነው። ረቂቁን በ1723 ከጨረሰ በኋላ ለሙያ ባልደረቦቹ አሳይቶ አስተያየታቸውን ተቀበለ፤ መጽሐፉም በ1728 በሁለት ቅጽ ታተመ።

ትሉን በአጉሊ መነጽር ፈለገው፤ አላገኘውም። ሌሎች አየን ያሉትን ፈጽሞ ሐሰት ነው አላለም፤ ቢኖር እንኳ ጥርስን የሚያበሰብሰው እርሱ አይደለም ሲል ደመደመ። ስኳር ጥርስን እንደሚጎዳም አስጠነቀቀ።

ሕመሙ ሌሊት ለምን እንደሚብስ ዛሬ የሚሰጠው ማብራሪያ ከጥርሱ አሠራር የሚነሣ ነው። በጥርስ ውስጥ ያለው ነርቭና የደም ሥር የያዘ ለስላሳ ሥጋ ሲቆጣ ያብጣል፤ ዙሪያው ጠንካራ ስለ ሆነ ግን የሚሰፋበት ቦታ የለውም። ሰው ሲጋደም ወደ ራሱ የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ግፊቱ ይከብዳል፤ ሐሳብን የሚከፋፍል የቀን ሥራም የለም። ራስን በትራስ ከፍ ማድረግ፣ ሞቅ ባለ ጨው ውኃ መጉመጥመጥ፣ እንደ ፓራሲታሞል ያለ ማስታገሻም በመጠኑ መውሰድ እስኪነጋ ያሳርፋል። ፊቱ ያበጠና ትኩሳት የያዘው፣ ወይም መዋጥና መተንፈስ የከበደው ግን ንጋትን መጠበቅ የለበትም። ፎሻር ይህን ሁሉ ባያውቅም፣ መግል የቋጠረውን ጥርስ በቀጭን መሣሪያ ከፍቶ ማፍሰስን ያውቅ ነበር።

ስሕተት አልነበረበትም ማለት አይደለም። ስለ አራቱ የሰውነት ፈሳሾች የሚነገረውን የጥንት ትምህርት እንደ ያዘ ኖረ፤ ለጥርስ ሕመም በገዛ ሽንት መጉመጥመጥንም መክሯል። በተቦረቦረ ጥርስ ላይ የቅርንፉድ ዘይት ማድረጉ ግን እስከ ዛሬ ዘልቋል። በደባርቅ ገበያ ለሻይ ከሚሸጠው ቅርንፉድ የሚገኘው ዩጂኖል፣ ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ተለውሶ በጥርስ ሐኪሞች ዘንድ ለጊዜያዊ መሙያ ያገለግላል።

ሕመምተኛው መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱ በነቃዩ ጉልበቶች መካከል የሚያዝበትን ልማድ ነቅፎ፣ በብርሃን ፊት ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ያስቀምጠው ነበር። መጽሐፉ በ1733 ወደ ጀርመንኛ ተተርጉሞ በ1746 በተስፋፋ መልክ እንደገና ታተመ። ፎሻር በመጋቢት 1761 በፓሪስ ሞተ። እርሱ የከፈተው ጥርስ ሁሉ የተከፈተው ሕመምተኛው እያወቀውና እየተሰማው ነበር፤ አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ዊሊያም ሞርተን የኤተርን ማደንዘዣነት በአደባባይ ያሳየው ከዚያ 85 ዓመት ቆይቶ፣ በ1846 ነው።