ጊታር መጫወት የማይችለው የቤዝ ጊታር አባት

ዘፈን ላይ ቤዝ ጊታር ሲጠፋ ብዙ ሰው ምን እንደጎደለ አይነግራችሁም፤ ጭፈራው ግን ይቀዘቅዛል። እስኪ ጆሮ ማዳመጫ አድርጉና የሮሃ ባንድን የድሮ ሥራዎች ስሙ፤ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ብቻ ተከተሉ። ዘፋኙን የተሸከመው ማን እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል።

ታዲያ ይህን መሣሪያ ለዓለም ያዳረሰው ሰው ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር ብትባሉ ታምናላችሁ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውዬው ክላረንስ ሊዮኒዳስ ፌንደር ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ሊዮ በሚለው ስም ነው። በ1909 በካሊፎርኒያ ብርቱካን ከሚያለሙ ወላጆች ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ በሕመም ምክንያት አንድ ዓይኑን አጣ፤ ቀሪ ዕድሜውን የኖረው በሰው ሠራሽ ዓይን ነው። ኤሌክትሮኒክስ ይወድ ነበር፤ ኮሌጅ ገብቶ የተማረው ግን አካውንቲንግ ነው። በአንዱ ተመርቀን በሌላው እንጀራ ለምንበላ ሰዎች ነገሩ አዲስ አይደለም። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን የሒሳብ ሠራተኛነቱን ሲያጣ፣ በ1938 600 ዶላር ተበድሮ ፉለርተን ከተማ ውስጥ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ።

ሙዚቀኞች የተበላሸ አምፕና ጊታር እያመጡለት ነው ወደ ሙዚቃ የገባው። ሙዚቃን ያወቃት በብልሽቷ በኩል ነው ማለት ይቻላል። የትኛው ሽቦ ቶሎ እንደሚነቀል፣ የትኛው ጃክ እንደሚላላ ከሱቁ ጠረጴዛ ላይ ተማረ። በ1946 የራሱን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ኩባንያ አቋቋመ።

በዚያ ዘመን ቤዝ ማለት ከሰው ቁመት የሚበልጥ ትልቅ የእንጨት መሣሪያ ነበር። ለማጓጓዝ መከራ ነው፤ ከበሮና ኤሌክትሪክ ጊታር አጠገቡ ሲጮኹ ደግሞ አይሰማም። በ1930ዎቹ ፖል ቱትማርክ የሚባል አሜሪካዊ የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር፤ ግን ሳይስፋፋ ቀረ። ሊዮ በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ለገበያ አቀረበ። ስሙ ትክክለኛነት ማለት ነው፤ አንገቱ ላይ ፍሬት ስላለው ጣት የምታርፍበት ኖታ አይዛነፍም።

እኔን የሚገርመኝ ግን የአሠራሩ ሐሳብ ነው። አንገቱ በሙጫ የተጣበቀ ሳይሆን በብሎን የታሰረ ነው፤ ከተሰበረ ይፈታል፣ ሌላ ይገጠማል። ሽቦዎቹም በብሎን ከተያዘ ሽፋን ሥር ናቸው። ሰውዬው መሣሪያውን ሲነድፍ ነገ የሚጠግነውን ሰው እያሰበ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛም ስለነበር ጥገና ውድ ከሆነ ዕቃው ራሱ ውድ እንደሆነ ያውቃል።

ይህ ሐሳብ ዛሬ አሶሳ ላይ ዋጋ አለው። አካባቢው ለዝቅተኛ ድምፅ እንግዳ አይደለም፤ የበርታ ሕዝብ ከቅል በሚሠራው ዋዛ ሲጨፍር ትልልቆቹ ዋዛዎች ወፍራሙን ድምፅ ይሸከማሉ። ዋዛ ግን የሚፈልገው ትንፋሽ ብቻ ነው። ቤዝ ጊታር ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ከኤሌክትሪክ ጋር ጉርምርምታው ይመጣል። ከአሶሳ አዲስ አበባ ደግሞ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለአንዲት የተነቀለች ሽቦ ያን ያህል መንገድ መላክ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ቤዛችሁ ሲያጉረመርም እንደ ሊዮ በቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። ቀጥሎ ቤዙን ከአምፑ ንቀሉት። አምፑ ብቻውን ካጉረመረመ ችግሩ ቤዙ ላይ አይደለም። ቤዙ ሲሰካ ብቻ ከሆነ ክሩን በእጃችሁ ንኩት። ጉርምርምታው ከቀነሰ የግራውንድ ሽቦው ደህና ነው፤ የጎደለው ከውጭ የሚመጣውን ረብሻ የሚከላከል ሽፋን ነው። ከቻርጀርና ከመብራት ራቅ በሉ፤ ውስጡም ከግራውንድ ጋር በተያያዘ የመዳብ ወረቀት ሊሸፈን ይችላል። ክሩን ስትነኩ ምንም ሳይለወጥ የኬብሉን ጫፍ ብረት ስትነኩ ብቻ ከቀነሰ ግን፣ ከብሪጁ ሥር ያለችው ሽቦ ተነቅላለች ማለት ነው።

ለማረጋገጥ ቴስተር ይበቃል። ኬብሉን ቤዙ ላይ ሰክታችሁ ሌላኛውን ጫፍ ከአምፑ ንቀሉት። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ብሪጁ ላይ፣ ሌላውን የኬብሉ ጃክ ረጅሙ ብረት ላይ አድርጉ። ወደ ዜሮ የተጠጋ ኦም ካላሳየ መስመሩ ተቋርጧል። ስልክ የሚጠግን ሰው በሶልደር በደቂቃዎች ይመልሰዋል። ቮልዩሙ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ማዞሪያው ቆሽሿል፤ የኮንታክት ማጽጃ ይነፋበታል። ባትሪ ያለው ቤዝ ድምፁ ከተበላሸ ደግሞ ከምንም በፊት 9 ቮልቱን ባትሪ ቀይሩ።

ሊዮ ራሱ ከጉርምርምታ ጋር ታግሏል። በ1957 የፕሪሲዥን ቤዝን ፒካፕ ለሁለት ከፈለው። ሁለቱ ግማሾች የተጠመጠሙትም፣ ማግኔታቸው የዞረውም በተቃራኒ ነው፤ በዚህ ምክንያት የክሩ ድምፅ ሲደመር ከውጭ የሚገባው ጉርምርምታ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ዛሬም ያ ፒካፕ በብዙ ቤዞች ላይ አለ።

አንድ ነገር ግን ከጉርምርምታ የከፋ ነው። ክሩ ወይም ማይኩ ጣታችሁን ነዘር ካደረገ ወዲያው አቁሙ፣ ከሶኬት ንቀሉ። ይህ የቤዙ ሳይሆን የአምፑ ወይም የቤቱ የኧርዝ መስመር ችግር ሊሆን ይችላልና ኤሌክትሪሺያን ይየው። በ1972 የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ፣ በዌልስ ስዋንዚ ከተማ መድረክ ላይ ኧርዝ ያልነበረውን ማይክ ሲነካ በኤሌክትሪክ ተመትቶ ሞቷል። ጉርምርምታውን ለማጥፋት ብሎ የስፒናውን የኧርዝ እግር መቁረጥ ወይም ኧርዝ በሌለው ዲቫይደር መሰካት ይህን አደጋ መጥራት ነው። የሕዳሴ ግድብ የሚገኘው በዚሁ ክልል ነው፤ ከየትም ይምጣ ኤሌክትሪክ ግን ኧርዝ ለሌለው መድረክ አይራራም።

ሊዮ በ1965 ሲታመም ኩባንያውን ለሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ገንዘቡን ይዞ ማረፍ ይችል ነበር፤ አላረፈም። ሚዩዚክ ማን በተባለው ድርጅት በኩል በ1976 ባትሪ የሚጠቀመውን ስቲንግሬይ ቤዝ አወጣ፤ ቀጥሎም ጂ ኤንድ ኤልን መሠረተ። የፓርኪንሰን ሕመም እጁን ቢይዘውም ከሥራ ጠረጴዛው አልጠፋም። ማርች 21 ቀን 1991 ሲሞት፣ ከአንድ ቀን በፊት እንኳ ሥራ ላይ ነበር።

እናም ሰፈራችሁ ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ አንድ ኖታ መጫወት ባይችልም አትናቁት። ቤዙን ስጡት፣ ከላይ ያለውን ቅደም ተከተል አሳዩት። ብሎኖቹ የተገጠሙት ለእሱ ተብለው ነው።