የቀነሱት ክብደት ለምን ይመለሳል? ከአንድ ፕሬዚዳንት ሕይወት የምንማረው

በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ሰው ሞላ ሲል ተመችቶታል ይባላል። የደም ግፊትና ስኳር ተከትለው ሲመጡ ግን ሙገሳው ይረሳል። ያኔ ሰው ክብደት ለመቀነስ ይነሳል፤ ለጥቂት ወራት ይሳካለታል፤ ኪሎው ሲመለስ በራሱ ያፍራል። ውድ አንባቢ፣ እርስዎም በዚህ መንገድ አልፈው ከሆነ የአንድ ታዋቂ ሰው ታሪክ እንንገርዎ። ሰውየው የጎጃም ሰው አይደሉም፤ ችግራቸው ግን የእርስዎን ይመስላል።

ዊልያም ሃዋርድ ታፍት እ.ኤ.አ. በ1857 በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ ተወለዱ። ዳኛ፣ የፊሊፒንስ ገዥና የጦር ሚኒስትር ነበሩ። ከ1909 እስከ 1913 አገራቸውን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በ1905 መጨረሻ ክብደታቸው 142 ኪሎ ግራም ደርሶ ስለነበር ለንደን ላለ ሐኪም ጻፉ። ሐኪሙ ስኳርና ቅባት የሚቀንስ፣ በአትክልት፣ በዓሣና ጮማ በሌለው ሥጋ ላይ ያተኮረ የምግብ ዝርዝር ላከላቸው። ታፍት ክብደታቸውን በየቀኑ እየመዘኑ ውጤቱን በደብዳቤ ያሳውቁ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ 27 ኪሎ ያህል ቀነሱ።

ደስታው አልቆየም። በ1909 ወደ ፕሬዚዳንትነት ሲመጡ 160 ኪሎ ደርሰው ነበር። በስብሰባ መሐል እንቅልፍ ይጥላቸው ነበር፤ የዛሬ ሐኪሞች ይህን በውፍረት ምክንያት ሌሊት ትንፋሽ ከሚቆራረጥበት ሕመም ጋር ያያይዙታል።

ታፍት ሰነፍ ስለነበሩ ነው? አይደለም። ክብደት ሲቀንስ ሰውነት ረሃብ የሚቀሰቅሱ ሆርሞኖችን ይጨምራል፤ የሚያቃጥለውንም ኃይል ይቆጥባል። በዚያ ዘመን ይህን የሚያግዝ አስተማማኝ መድኃኒት አልነበረም።

ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ ታፍት እንደገና ጀመሩ፤ በአንድ ዓመት ገደማ 30 ኪሎ ያህል ቀነሱ። በ1921 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ከሆኑ በኋላም ወደ ሥራ በእግራቸው ይሄዱ ነበር፤ መንገዱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመንገዳቸው ላይ ያለው የዋሽንግተን ድልድይ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ክብደታቸው ዳግም ወደ 160 አልተመለሰም። የልብ ሕመም ቢይዛቸውም እስከ 72 ዓመታቸው ኖረው በ1930 አረፉ።

ዛሬ ታፍት ያላገኙት እገዛ አለ። ሴማግሉታይድ የተባለው በሳምንት አንዴ የሚወሰድ መርፌ ረሃብን ያስታግሳል፣ ቶሎ ያጠግባል። በ2021 በወጣ ጥናት መርፌውን ከአመጋገብና ከእንቅስቃሴ ምክር ጋር የወሰዱ ሰዎች በ68 ሳምንታት በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል፤ ምክሩን ብቻ ያገኙት 2.4 በመቶ ቀንሰዋል። መርፌው ከቆመ ከአንድ ዓመት በኋላ ግን ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። ስለዚህ መድኃኒቱና የአኗኗር ለውጡ ተደጋግፈው መሄድ አለባቸው።

እርስዎስ ምን ያድርጉ?

መጀመሪያ ይመርመሩ። ክብደትዎን በኪሎ፣ ቁመትዎን በሜትር ለክተው ክብደቱን ለቁመቱ ሁለት ጊዜ ያካፍሉ። ውጤቱ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከ27 በላይ ሆኖ ስኳር ወይም ግፊት ካለብዎት፣ ስለ መድኃኒት ሐኪም ያማክሩ። በቢቸና ወይም በሞጣ ሆስፒታል ይጀምሩ፤ ካስፈለገ ወደ ደብረ ማርቆስ ይልክዎታል።

ዘመድ ከውጭ የላከልዎትን መርፌ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውጉ። ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክና የሆድ ድርቀት ሊያስከትል ይችላል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ብርቱ የሆድ ሕመም ከተሰማዎት ፈጥነው ይታከሙ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጾም ከመግባትዎ በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ።

ከገበታዎ እንጀራውን ቀነስ፣ ባቄላውን፣ ምስሩንና ጎመኑን ጨመር ያድርጉ። ለስላሳ፣ ጠላና አረቄ ይቀንሱ። መድኃኒቱ ከስብ ጋር ጡንቻም ስለሚቀንስ፣ ሸክም ማንሳትንና ዳገት መውጣትን አይተዉ። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ ባጃጁን ለሩቅ መንገድ ያቆዩት።

ኪሎው ተመልሶ ከሆነም አይፈሩ፣ አይፈሩበትም፤ ታፍትም እንደገና ጀምረዋል።